ከሶልቫ እስከ ዋይትሳንድስ፦ የዌልስን ባሕር ዳርቻ በአንድ ቀን በእግር

ከሶልቫ መንደር ወደ ሴንት ዴቪድስ ከተማ በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ሴንት ዴቪድስን በመዞር ዋይትሳንድስ የሚባለው አሸዋ ለሚደርስ እግረኛ ግን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ዳርቻው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ሽቅብ ይላል። ማዶ የምታዩት ገደል ድንጋይ ብትወረውሩ የምትመቱት ይመስላል። እዚያ ለመድረስ ግን ግማሽ ሰዓት ትሄዳላችሁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልንገራችሁ፦ እዚህ መንገድ ላይ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ቁጠሩ። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ ቢሆን አራት ሰዓት ተኩል በቂ ነበር። እዚህ ከእረፍቱ ጋር ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ያዙለት።

መንገዱ ያለው በዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፔምብሮክሺር ውስጥ ነው። የፔምብሮክሺር የባሕር ዳርቻ መንገድ የተከፈተው በ1970 ነው። 299 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ2012 ደግሞ የዌልስን ዳርቻ በሙሉ የሚያገናኘው ትልቁ መንገድ ተመረቀ፤ እሱ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ አንድ ቀን የሁለቱም አካል ነው። ዓመቱንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአውቶቡሱ ፕሮግራም በዚያ ስለሆነ ከወዲሁ ልመዱት።

ለምን ይህኛው?

ከለንደን፣ ከብሪስቶል ወይም ከካርዲፍ ተነስተው ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም የእግር ጉዞ መሞከር የሚፈልጉ ወዳጆች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። ሁልጊዜ የምመርጥላቸው ይህንን ነው። ምክንያቴ ከውበቱ በፊት ደህንነቱ ነው። ሶልቫን ለቃችሁ ኬርቫይ የሚባለው ወሽመጥ ከደረሳችሁ በኋላ መንገዱ ሴንት ዴቪድስን በግማሽ ክብ ይዞራታል። ከኬርቫይ፣ ከቅድስት ኖን እና ከፖርዝ ክላይስ ከተማዋ ከሁለት ኪሎ ሜትር አትርቅም። ከቅዱስ ጀስቲኒያን እና ከዋይትሳንድስ ደግሞ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ናት። እግራችሁ ውሃ ቢቋጥር፣ ዝናቡ ቢበረታ፣ አብሯችሁ ያለ ሰው ቢደክም ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ከተማ ትገባላችሁ። ብዙ የዌልስ ዳርቻ እንዲህ ዓይነት ምቾት የለውም። አንዴ ከገባችሁበት እስከ መጨረሻው መሄድ ግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ።

እነዚህን አምስት ስሞች ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ኪስ ውስጥ ክተቱ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ቀኑን መምረጥ

ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይሻላል። በሰኔ አጋማሽ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በፈረንጅ 9፡30 ድረስ ብርሃን አለ። ማንም አያጣድፋችሁም። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ይጨልማል፤ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ ቀን አትሞክሩት።

በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ የገደሉ ጫፍ በትናንሽ ሮዝ አበቦች ይሸፈናል። እኔ ግን መስከረምን እወዳለሁ። የእንቁጣጣሽ ሰሞን እዚያ የነበረ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። አጭሩ እሾሃማ ቁጥቋጦ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ከሥሩ ሄዘር የሚባለው ሐምራዊ ቁጥቋጦ ይዘረጋል። ከሩቅ ሲታይ አደይ አበባ የለበሰ ኮረብታ ይመስላል። ደግሞም ያን ጊዜ ሲሎች ይወልዳሉ። ሲል ማለት በመጽሐፍ ቅዱሳችን አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ነጭ ጸጉር የለበሱ ግልገሎች ከገደሉ ሥር፣ ጠጠር ላይ ተኝተው ታገኛላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ ነፋሱን። ዝናብ ያበሰብሳል እንጂ አይገፈትርም፤ ነፋስ ግን ገደል ጫፍ ላይ ሰውን ያንገዳግዳል። የአየር ትንበያው ኃይለኛ ነፋስ ካለ ቀኑን ለውጡ። ሁለተኛ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት። ውሃው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሁለት ሙላት መካከል ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ ገደሉ አናት ላይ ስለሆነ ሙላቱ አያግዳችሁም። ነገር ግን ወርዳችሁ አሸዋ ላይ ለመቀመጥ ካሰባችሁ ሰዓቱን ማወቅ አለባችሁ። ሦስተኛ የመጨረሻውን አውቶቡስ።

እንዴት እንደሚደረስ

ባቡር የሚያደርሳችሁ ሃቨርፎርድዌስት ድረስ ነው። ከካርዲፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ቲ11 የሚባለው አውቶቡስ በሶልቫ አድርጎ ሴንት ዴቪድስ ይገባል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የምመክራችሁ በዋዜማው ሴንት ዴቪድስ ገብታችሁ እንድታድሩ ነው። ጠዋት በዚያው አውቶቡስ ወደ ሶልቫ ተመለሱና ከዚያ በእግር ወደ አልጋችሁ አቅጣጫ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ ወደ ማደሪያችሁ እየቀረባችሁ መሄድ ልብ ያሳርፋል። መኪና ያለውም ሰው ሴንት ዴቪድስ አቁሞ በአውቶቡስ ቢሄድ ይሻለዋል።

በፀደይና በበጋ 403 ቁጥር ያላት ትንሽ አውቶቡስ ሴንት ዴቪድስን ከፖርዝ ክላይስ፣ ከቅዱስ ጀስቲኒያንና ከዋይትሳንድስ ጋር ታገናኛለች። ወቅቱ ሲያልፍ ትቆማለች። ሰዓቱን ትራቭላይን ካምሪ በሚባለው የዌልስ የትራንስፖርት መረጃ አገልግሎት ላይ አረጋግጡ።

ጫማ፣ ልብስ፣ ስንቅ

ጫማው የተለማመዳችሁት ይሁን። ይህን የምለው ተጎድቼበት ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጥሩ ነው የተባለ አዲስ ቡት ጫማ ከሱቅ አውጥቼ በማግስቱ አደረግኩት። ሁለት ሰዓት ሳልሄድ ሁለቱም ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ኬርቫይ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ሳወልቅ ቆዳው አብሮ ተነሳ። ጉዞው እዚያው አለቀ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርጋችሁት ዙሩ። ሶሉ የሚቆነጥጥ እስከሆነ ድረስ ጥሩ ስኒከርም ይበቃል፤ ደረቅ ቀን ከሆነ። ሁለተኛ ጥንድ ካልሲ ያዙ። እኩለ ቀን ላይ ካልሲ መቀየር ለእግር እንደ ዕረፍት ነው።

ጂንስ አትልበሱ። ከረጠበ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ጭን ይልጣል። ቀለል ያለ ሱሪ፣ ስስ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጠዋት ፀሐይ ስለሆነ ጃኬቱን ሆቴል ትቶ መውጣት የለም። በዚህ ዳርቻ አንድ ሰዓት ውስጥ ፀሐይም፣ ጭጋግም፣ ዝናብም አይቻለሁ። ረጅም ሱሪ የምለው ለመዥገርም ነው። ረጅሙ ሳር ውስጥ መዥገር አለ፤ ማታ እግራችሁን፣ ብብታችሁን፣ ከጉልበት ጀርባ ፈትሹ።

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር። ምግብ ላይ ደግሞ እኛ የታደልን ነን፤ አያቶቻችን የመንገድ ስንቅ ያውቁ ነበር። በሶ ከእንግሊዙ የኃይል ብስኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። ማታ በትንሽ ውሃና በማር አሽታችሁ ጭብጦ አድርጉት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡ። አይፈርስም፣ አይበላሽም፣ ሁለት ጭብጦ ዳገት ያወጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ደግሞ እየሄዱ ለመቆርጠም። ብርቱካን ጨምሩ። እንጀራ ፍርፍር ይዞ የመጣ ወዳጅም አለኝ፤ ጣፈጠን፣ ግን ነፋሱ ውስጥ እጅ መታጠቢያ ፍለጋ አስቸገረን።

የወረቀት ካርታ የሚፈልግ የኦርድናንስ ሰርቬይን ኦኤል35 ይግዛ፤ ሰሜን ፔምብሮክሺርን የያዘው እሱ ነው። ስልክ ላይ ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ እንዲከፈት ቀድማችሁ አውርዱት። ኔትወርክ በየቦታው ይጠፋል። ፓወር ባንክም አትርሱ።

አንድ ደንብ፦ ባሕሩ በግራ

መንገዱ ላይ ሁለት ምልክት ታያላችሁ። አንደኛው የባሉጥ ፍሬ ሥዕል ነው፤ የብሔራዊ መንገዶች ምልክት። ሁለተኛው ሰማያዊና ቢጫ፣ የዛጎልና የዘንዶ ጅራት ቅርጽ ያለው፤ የዌልስ የባሕር ዳርቻ መንገድ ምልክት። ሁለቱም ቢጠፉባችሁ አትደንግጡ። ከሶልቫ ተነስታችሁ እስከ ዋይትሳንድስ ባሕሩ ሁልጊዜ በግራ እጃችሁ ነው። በቀኝ ከሆነ ተሳስታችኋል።

የቦታ ስሞቹም ራሳቸው ይመራሉ። ፖርዝ ማለት ትንሽ ወደብ ነው። ካይር ምሽግ፣ ፔን ራስ፣ ኢኒስ ደሴት፣ ማውር ትልቅ። መንገድ ላይ የሚያገኛችሁን ሰው ጠዋት «ቦሬ ዳ» በሉት፣ ሲያሳልፋችሁ «ዲዮልኽ» ብላችሁ አመስግኑ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ኽ ለእንግሊዞች ትከብዳለች። ለእኛ «መጥተኻል» እንደማለት ቀላል ናት። አንድ ሽማግሌ ሰላምታዬን ሰምተው ቆም ብለው እጄን ጨብጠውኛል።

ከሶልቫ እስከ ኬርቫይ

ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ሶልቫ ሁኑ። ወደቡ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከበረዶው ዘመን በኋላ ባሕሩ ከፍ ሲል የሞላው የወንዝ ሸለቆ ነው። ውሃው ከጎደለ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ጋደም ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ከወደቡ ማዶ እንደ ጎጆ የቆሙ የድንጋይ ምድጃዎች አሉ፤ የኖራ ማቃጠያ ነበሩ። በመርከብ የመጣ ኖራ ድንጋይ በከሰል ተቃጥሎ የገበሬዎቹን ኮምጣጣ አፈር ያለሰልስ ነበር። መጸዳጃ ቤት እዚህ ተጠቀሙ።

መንገዳችሁ በወደቡ ምዕራብ በኩል የሚወጣው ዳገት ነው። ምድጃዎቹ ወዳሉበት አትሻገሩ፤ እሱ ወደ ኋላ ነው። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ያስተነፍሳል። ቀስ በሉ። አናቱ ላይ ስትደርሱ ባሕሩ ድንገት ይከፈታል።

ከዚህ እስከ ኬርቫይ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መሀል ላይ ፖርዝ ይ ራው የሚባል ቦታ ትወርዳላችሁ። እዚያ የብረት ዘመን ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ምሽግ ሠርተው ነበር። የአፈር ካቡ አሁንም ይታያል። ግማሹን ባሕሩ በልቶታል። ገደሉ ዛሬም እየተቆረሰ ነው። ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ከላይ ጠንካራ ሳር ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ልጅ የያዘ ሰው በባሕሩ በኩል ራሱ ይሂድ፣ ልጁን በውስጥ በኩል ያድርግ።

ካይር ቡዲ የሚባለው ወሽመጥ ስትደርሱ ድንጋዩን ልብ ብላችሁ እዩት። ወይን ጠጅ ነው። የሴንት ዴቪድስ ካቴድራል የተሠራበት ድንጋይ ከዚህ ነው የተፈለጠው። ማታ ካቴድራሉን ስታዩ ግድግዳው ላይ ይህንኑ ቀለም ታገኙታላችሁ። ሲረጥብ ደግሞ ይጠቁራል፤ እጄን ሳስቀምጥበት እንደ አሸዋ ወረቀት ቆነጠጠኝ።

ኬርቫይ ስትደርሱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከሆነ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። ቀትር ካለፈ ቀሪውን ቀን ማሳጠር ይኖርባችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሳኔ የምትወስኑበት ቦታ ይህ ነው። እግራችሁን ፈትሹ። ቀይ የሆነ ቦታ ካለ ውሃ ሳይቋጥር ፕላስተር ለጥፉበት፤ ከቋጠረ በኋላ ዋጋ የለውም።

ቅድስት ኖን

ከኬርቫይ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄዳችሁ ቅድስት ኖን የሚባል ቦታ አለ። እዚህ አትሩጡ።

ኖን የዌልስ ጠባቂ ቅዱስ የሆነው የዳዊት እናት ናት። በዌልስኛ ስሙ ዴዊ ነው፤ ከተማዋም ቲዴዊ ትባላለች፣ የዳዊት ቤት ማለት ነው። በትውፊቱ መሠረት ኖን ኃይለኛ ማዕበልና መብረቅ ባለበት ሌሊት ዳዊትን የወለደችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። በወለደችበት ሰዓትም ምንጭ ፈለቀ ይላሉ። ምንጩ አሁንም አለ። ትንሽ የድንጋይ ቅስት ተሠርቶለታል። ሰው ለዓይን ሕመም ይጠበልበት ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎ የድሮው ጸሎት ቤት ፍርስራሽ ይገኛል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ በ1934 የተሠራ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ፣ ባዶ ከሆነ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል።

አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ያመጣኋቸው ከኬርቫይ እስከዚህ ብቻ ነው። ምንጩን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ጸበል ነው?» አሉኝ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ጫማቸውን አወለቁ። ዝቅ ብለው በእጃቸው ቀዱና ዓይናቸውን ሦስት ጊዜ አበሱ። ውሃው ቅስቱ ሥር ጥርት ያለ ነበር፤ ከሥሩ ሰው የጣላቸው ሳንቲሞች ይታያሉ። ብዙ ቆየን። ከዚያ በጠባቧ የመኪና መንገድ ቀስ እያልን ከተማ ገባን። አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። አቅም የሌለው ዘመድ ቢኖራችሁ እንዲህ ከፍላችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

ዳዊት ራሱ እንጀራና ቅጠላ ቅጠል በልቶ ውሃ ብቻ የሚጠጣ መነኩሴ እንደነበር ይነገራል። «ውሃ ጠጪው» ይሉታል። ጾም ላይ ሆኜ ያለፍኩ ጊዜ ይህ ታሪክ መንገዱን አቀለለልኝ።

ፖርዝ ክላይስና ረጅሙ ክፍል

ከቅድስት ኖን ብዙም ሳትርቁ ፖርዝ ክላይስ ትደርሳላችሁ። ባሕሩ ወደ መሬት ውስጥ ጣቱን አስገብቶ የተኛበት ትንሽ ወደብ ነው። ዳዊት የተጠመቀው እዚህ ነው የሚል ትውፊት አለ። መንገዱ እስከ ወደቡ መጨረሻ ወርዶ በማዶው ይወጣል። እዚህ ምሳ ብሉ። በበጋ ሻይና ቡና የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ይከፈታል፣ መጸዳጃ ቤትም አለ። ካልሲ ቀይሩ። ውሃችሁን እዩ።

ይህን አጥብቄ የምለው ከዚህ እስከ ቅዱስ ጀስቲኒያን ያለው 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ምንም ሱቅ ስለሌለው ነው። የቀኑ ባዶ ክፍል እሱ ነው። የቀኑ ምርጥ ክፍልም እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ካለፈና ቀኑ አጭር ከሆነ፣ ወይም ነፋሱ እየበረታ ከመጣ፣ ከፖርዝ ክላይስ ወደ ከተማ ግቡ። ገደሉ የትም አይሄድም።

የምትቀጥሉ ከሆነ መጀመሪያ ፖርዝሊስኪን ታልፋላችሁ፤ ጠጠራማ፣ ጸጥ ያለ ወሽመጥ ነው። እስከዚህ ድረስ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊታችሁ ነበር፣ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ። ትንሽ ቆይታችሁ መሬቱ ያልቃል። ፔን ዳል አዴሪን ይባላል። የዌልስ ዋና መሬት እጅግ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። እዚያ መንገዱ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፣ ነፋሱም ወደ ጀርባችሁ ይዞራል።

ቦርሳችሁን አውርዱና እዚህ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያለችው ራምዚ ደሴት ናት፣ በዌልስኛ የዴዊ ደሴት። በመካከል ያለው የባሕር መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ሙላቱ ወይም ጉድለቱ ሲያልፍበት ውሃው እንደ ክረምት ወንዝ ይሮጣል። ከደሴቲቱ የሚወጡ ሹል ድንጋዮች ላይ ሲደርስ ነጭ አረፋ ይሆናል፣ ጩኸቱ እስከ እናንተ ይሰማል። ስለ ድንጋዮቹ የሚነገር ታሪክ አለ። ጀስቲኒያን የዳዊት የንስሐ አባት ነበር። ባሕታዊ ሆኖ ደሴቲቱ ላይ ተቀመጠ። ሰው እንዳይመጣበት ደሴቱንና የብሱን የሚያገናኘውን መሬት በመጥረቢያ ቆረጠው። መጥረቢያው እየዶለዶመ ስለሄደ የመጨረሻዎቹ ድንጋዮች ሳይቆረጡ ቀሩ ይባላል። ገዳማችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ሲሎቹን የምታዩት በዚህ አካባቢ ነው። ከገደሉ ጫፍ ራቅ ብላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ በጸጥታ እዩ። አንድ መስከረም ከታች ጠጠሩ ላይ ግልገል አየሁ። እንደ ነጭ ፎጣ ጥቅል ነበር። እናቱ ከማዕበሉ ብቅ ብላ ታየዋለች፣ ትጠፋለች፣ ብቅ ትላለች። ከኋላዬ የመጡ ሰዎች ጮክ ብለው ሲያወሩ እናቲቱ ጠለቀች፣ ለረጅም ጊዜም አልተመለሰች። ግልገሉ እያለቀሰ ነበር፤ የሚያለቅሰውም እንደ ሕፃን ነው። እባካችሁ ወደ እነርሱ አትውረዱ። ውሻም ከያዛችሁ እሰሩት። የተረበሸች እናት ግልገሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።

ከሰማይ ደግሞ አንድ ወፍ ፈልጉ። ቁራ ይመስላል፤ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ምንቃሩና እግሩ ግን ደማቅ ቀይ ነው። ቸፍ ይሉታል። ነፋሱ ላይ እየተገለባበጠ ይጫወታል፣ «ቺያው» እያለ ይጠራል። መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ቀረሁ፤ ይህን ወፍ ሰሜን ተራሮች ላይ አይቼዋለሁና። እውነት ነው፣ አንድ ዝርያ ነው። ከኢትዮጵያ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከፍታዎች ላይ ይኖራል፤ ከሌላው ዓለም ወገኖቹ እጅግ ርቆ የቀረ የራሱ ንዑስ ዝርያ ነው። እዚያ በአራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የማውቀውን ወፍ እዚህ ከባሕር በላይ ማግኘት ለእኔ ከዘመድ ጋር እንደ መገናኘት ነው። የሄድኩ ጊዜ ሁሉ ሳላየው አልመለስም።

ከጀስቲኒያን እስከ ዋይትሳንድስ

ቅዱስ ጀስቲኒያን ላይ የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያ አለ። ከ1869 ጀምሮ የሴንት ዴቪድስ በጎ ፈቃደኞች በዚህ አካባቢ ባሕር ላይ ሰው ሲያድኑ ኖረዋል። አዲሱ ሕንፃ ከ2016 ጀምሮ ነው የሚሠራው። ወደ ራምዚ የሚሄዱ ጀልባዎችም ከዚህ ይነሳሉ።

የአደጋ ነገር ከተነሳ ይህን ያዙ፦ ሰው ገደል ቢንሸራተት ወይም ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ወርዳችሁ ለማዳን አትሞክሩ። 999 ደውላችሁ ኮስት ጋርድ፣ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ማለት ነው፣ በሉ። አምቡላንስ ወይም ፖሊስ አትበሉ፤ በዳርቻው ላይ ጀልባውንም ሄሊኮፕተሩንም የሚያንቀሳቅሰው ኮስት ጋርድ ነው። ድምፅ የማያስተላልፍ ደካማ ኔትወርክ አጭር መልእክት ሊያስተላልፍ ይችላል። ለዚያ ግን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁን መመዝገብ አለባችሁ፦ ሬጅስተር የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ወደ 999 ላኩ፣ የሚመጣውን መልስ ተከተሉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከዚህ የቀረው 3 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። መንገዱ ይቀላል። ከፊት ካርን ሊዲ የሚባለው ድንጋያማ ኮረብታ ይታያችኋል፤ 181 ሜትር ብቻ ነው፣ ግን ባሕር ዳር ስለቆመ ተራራ ይመስላል። ጉልበት ከዚህ ላይ ነው የሚከዳው። ቁልቁለት ስትወርዱ እርምጃ አሳጥሩ።

ዋይትሳንድስ ሰፊ ነጭ አሸዋ ነው፤ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ፀሐይ የምትጠልቀው ባሕሩ ውስጥ ነው። ከአሸዋው በላይ፣ የቅዱስ ፓትሪክ ጸሎት ቤት በነበረበት ቦታ፣ በ2014 የክረምቱ ማዕበል አፈሩን ካጠበው በኋላ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩ መቃብሮች አግኝተዋል። አሁን ሳር ለብሷል፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ አያውቀውም።

ጫማ አውልቁና እግራችሁን ባሕር ውስጥ ክተቱ። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ለተቃጠለ እግር መድኃኒት ነው። መዋኘት የምትፈልጉ በበጋ ጠባቂዎች ባሉበት፣ ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለበት መካከል ብቻ ግቡ። የሚጎትት ሞገድ አለ።

ካፌውና መጸዳጃ ቤቱ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ናቸው። 403ቷ የምትቆመውም እዚያው ነው። ካመለጠቻችሁ በመኪናው መንገድ ሴንት ዴቪድስ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። መንገዱ ጠባብና የእግረኛ ጠርዝ የሌለው ስለሆነ በቀኝ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ሂዱ፤ ከመሸ ባትሪ አብሩ።

ከተማ ስትገቡ ካቴድራሉን ከሩቅ አትፈልጉት፣ አይታይም። ሸለቆ ውስጥ ነው የተሠራው። በ1181 የተጀመረ ነው። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን የሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሁለት ጊዜ እዚህ መሳለም ሮም አንድ ጊዜ እንደመሄድ ይቆጠር ብለው ነበር። በሩ ክፍት ከሆነ ግቡ። ወለሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ እግር ወዲያው ያውቀዋል። አምዱን ንኩት። ጠዋት ካይር ቡዲ ላይ ያያችሁት ያው ወይን ጠጅ ድንጋይ ነው።